የጣሪያ ውሃ ወደ ሽንት ቤት መስመር አይግባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በደሴ ክረምት ሲገባ በብዙ ቤት የሚደርስ፣ ግን ማንም ደፍሮ የማያወራው ነገር አለ። ፍሳሽ ወደ ቤት ይመለሳል። ጉድጓዱ ይሞላል፣ ቱቦው ይታፈናል፣ ወደ ታች መውረድ የነበረበት ሁሉ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ማፍሰሻ ገንፍሎ ይወጣል። ሰው ያፍራል። በሩን ዘግቶ፣ ሰንደል ለኩሶ፣ ጎረቤት ሳይሰማ ያጸዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ችግሩ የራሱ ብቻ ይመስለዋል። የራሱ ብቻ አይደለም። ይህን እንድታወጡልኝ ነው የምጽፈው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጉልበቴን የጨረስኩት በሆስፒታል ጽዳት ሠራተኝነት ነው። ደም፣ ትውከት፣ ሰገራ ማጽዳት እንጀራዬ ነበር፤ ቆሻሻ አያስፈራኝም። ባለፈው ዓመት የቡሄ ዋዜማ ቤቴ የገባው ግን አስለቅሶኛል።

ሰፈራችን ዳገት ነው። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ጀምሮ ቤት ከቤት በላይ ተሠርቷል። ከእኔ በላይ ያሉት ቤቶችና የእኔ ቤት የፍሳሽ መስመራችን አንድ ነው፤ ድሮ ወላጆቻችን ተስማምተው የዘረጉት። ጉድጓዱ ከግቢዬ ታች ነው። ከላይ ያለ ሰው ውሃ ሲለቅ በእኔ ወለል ሥር ያልፋል። መስመሩ ሲታፈን መጀመሪያ የሚፈነዳው እኔ ቤት ነው፣ ዝቅ ያለው እሱ ነውና።

የዚያን ዕለት ዝናቡ ከሰዓት ጀምሮ አላባራም። የሙልሙሉ ሊጥ ቡሃቃው ውስጥ ኩፍ ብሎ ነበር። ከመታጠቢያ ቤት የሚንተከተክ ድምፅ ሰማሁና ሄድኩ። ጥቁር ውሃ ከወለሉ እየተነሳ ነው። ወዲያው ኮሪደሩን ያዘ፣ ከዚያ ጓዳውን፣ ከዚያ ሳሎኑን።

ልጆቹን ወደ ጎረቤት ሰደድኳቸው። መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ፤ የፍሪጁ ሶኬት ወለሉ አጠገብ ነው። ቆጣሪው በረንዳ ላይ ስለሆነ በደረቅ ቦታ ቆሜ ነው ያጠፋሁት። ቆጣሪያችሁ ውሃው ከገባበት ክፍል ውስጥ ከሆነ እርጥብ ላይ ቆማችሁ አትንኩት፤ ከውጭ የሚያጠፋ ሰው ጥሩ። ተከራዮቼን ውሃ እንዳትከፍቱ አልኳቸው። ወደ ላይም ጮህኩ፣ "የሰፈር ሰዎች፣ ሽንት ቤት ውሃ አትልቀቁ!" ብዬ። አንድ የጎረቤት ልጅ በዶማ የግቢውን ማንሆል ክዳን ከፈተልኝ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ማንሆሉ ከቤቱ ወለል ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ክዳኑ ሲነሳ ፍሳሹ ቤት መግባቱን ትቶ እዚያ ይወጣል። ግቢው ተበላሸ፣ ቤቱ ግን ዳነ። ክዳኑ እስኪመለስ ድረስ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ መቆም አለበት፣ ሕፃን እንዳይገባበት። ሻማም ሆነ ሲጋራ ወደዚያ አይጠጋም። ከጉድጓድ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ይያያዛል።

አሁን ስለ ጽዳቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ሰው በትጋት ሲያጸዳ ራሱን ሲጎዳ አይቻለሁ።

በመጀመሪያ ቦት ጫማ፣ የጎማ ጓንት፣ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ነገር። እጅ ላይ ቁስል ካለ ሌላ ሰው ይሥራ። ወፍራሙን ቆሻሻ በአካፋ አንስቶ በባልዲ ወደ ጉድጓድ መመለስ ነው፤ ጉድጓዱ ሙሉ ከሆነ ክዳን ባለው በርሜል ይቆያል። ወደ መንገድ ቦይ መግፋት የለም። የደሴ ቦይ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ይገባል። ቦርከና ደግሞ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ከሚሴ ይወርዳል፤ በዳርቻው ሰው ያርሳል፣ ከብት ያጠጣል።

ከዚያ በሳሙናና በውሃ ማጠብ። በረኪና ከዚህ በፊት አይገባም። ሰው ቆሻሻው ላይ በረኪናውን ገልብጦ ገደልኩት ይላል። ቆሻሻው ክሎሪኑን ይበላዋል፣ ጀርሙ ይቀራል። መጀመሪያ ይታጠብ፣ ወለሉ ንጹሕ ይምሰል፣ ከዚያ በረኪና። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ይበረዛል። ይህ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ እኛም ሆስፒታል ደምና ሰገራ የነካውን የምናጸዳው በዚሁ ነበር። ቢያንስ 10 ደቂቃ ወለሉን አርጥቦ ይቆይ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። መስኮት ክፍት ይሁን።

በረኪናን ከአሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ሽንት ቤት ለማጽዳት ከሱቅ የምንገዛው አሲድ በረኪና ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሳንባ ያቃጥላል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሊገድል ይችላል። "ሁለቱ አንድ ላይ ቢሆኑ ይበረታሉ" የሚሉ እናቶች አሉ። እባካችሁ፣ ንገሯቸው።

ከዕቃው የሚጣል ይጣል። የስፖንጅ ፍራሽ ፍሳሽ ከጠጣ አይድንም፣ የቺፑድ ቁምሳጥንም እንዲሁ። ፍሳሹ የነካው ዱቄት፣ በርበሬ፣ ሽሮ ሁሉ ይወገዳል። የሙልሙሉን ሊጥ ደፋሁት፤ ቡሃቃው ወለል ላይ ነበር። ሳህንና ድስት በሳሙና ታጥቦ በፈላ ውሃ ይድናል። ጋቢና አንሶላም ለብቻው ተቀቅሎ፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይድናል። ነሐሴ ላይ የደሴ ፀሐይ የት ይገኛል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እኛም ቤቱን ለማድረቅ ተቸግረን ነበር። ያኔ ደግሞ ሌላ አደጋ መጣ፤ ተከራዬ ከሰል አያይዛ፣ በሩን ዘግታ ክፍሏን ልታደርቅ ነበር። ደርሼ አስወጣሁት። ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ሽታ ሳይሰጥ ይገድላል። ቤት በነፋስ ነው የሚደርቀው፤ ቀን ቀን በርና መስኮት ከፍቶ፣ ብርዱን ደርቦ መቻል ነው። የጭቃ ግድግዳ ከሆነማ ፍሳሹ የነካው ልስን ካልተፈቀፈቀ ሽታው አይለቅም።

ውሃውንም አትርሱ። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ውሃ በሌለበት ሰዓት ቧንቧው ባዶ ይሆንና የተሰነጠቀ ቦታ ካለው በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣውን ውሃ አፍስሱት። ከዚያ በኋላ ያለውንም ለመጠጥ አፍሉት ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት። ታይፎይድም አተትም የሚገቡት በዚህ በኩል ነው።

በማግስቱ አንድ ጎረምሳ መጥቶ "እማማ፣ ትንሽ ብር ይስጡኝና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ የዘጋውን ልክፈትልዎ" አለኝ። ሥራ አጥቶ ነው፣ ይገባኛል። ቁርስ አብልቼ መለስኩት። የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው የጠፋ ይመስላል፣ ሰውየው ግን በጥቂት ትንፋሽ ይወድቃል። ሊያወጣው የገባውም አብሮት ይቀራል። በሀገራችን በዚህ መንገድ ከአንድ ጉድጓድ ብዙ ሬሳ የወጣበት ጊዜ አለ። ማንም ሰው፣ በምንም ክፍያ፣ አይግባ።

መምጠጫ መኪና ጠራን። ሌላ መከራ። መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ መኪናው ከላይ ዋናው መንገድ ላይ ቆመ፣ ጉድጓዱ ከታች ነው። ቱቦው አጠረ። ሲቀጠልለትም እየሳበ አልመጣ አለ። መኪናው ከኮምቦልቻ ነበር የመጣው። ሹፌሩ "እኛ ጋ ይሄን ያህል አያስቸግረኝም" አለኝ። እውነት አለው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው፣ መሳቢያ ፓምፕ ደግሞ ፍሳሹን የሚያነሳው በአየር ግፊት ነው። ስለዚህ እዚህ ከጥልቅ ጉድጓድ ለማንሳት ይበልጥ ይደክማል። ከብዙ ልፋት በኋላ በጀርባ በኩል በአንድ ጎረቤት ግቢ አልፎ ቀርቦ አነሳልን። ጎረቤቴ አጥሩን አፍርሶ ነው ያሳለፈው። አላህ ይስጠው።

ጉድጓዱ ሲመጠጥ ጉዱ ወጣ። ጨርቅም ዳይፐርም ነበረበት፤ ግን ዋናው እሱ አልነበረም። ዋናው የዝናብ ውሃ ነው። ከላይ አዲስ የተሠራ ቤት አለ። የጣሪያው አሸንዳ በቱቦ ወርዶ ሽንት ቤት መስመራችን ውስጥ ተቀጥሏል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ዶፍ ቢጥል 2,400 ሊትር ይሆናል፤ በ200 ሊትር በርሜል 12 በርሜል። ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት፣ ለሽንት ቤት ብቻ ተብሎ በተዘረጋ ቱቦ ይወርዳል። ጉድጓዱም አይችለውም። በደህናው ጊዜ ደቃቁ ከታች ይዘቅጣል፣ ውሃው በማስረጊያው በኩል መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ነሐሴ ላይ ግን መሬቱ ራሱ ውሃ ጠግቧል፣ አይቀበልም። የት ይሂድ? ዝቅ ወዳለው ቤት።

ባለቤቱን አልወቅስም። መንገዱ ዳር ያለው ቦይ በሃይላንድና በፌስታል ተደፍኗል። አናጺው የጣሪያውን ውሃ መላኪያ ሲያጣ በቅርብ ያገኘው ቱቦ ላይ ቀጠለው። ሰውየው ራሱ ምን እንደተደረገ አያውቅም ነበር። ደንግጦ መጣ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ፍራሽ ገዛልኝ።

ከዚህ በፊት አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ወደ ሌላ ላኩኝ። ያኛውም የግቢ ጉዳይ ነው አለኝ። መፍትሔ ያገኘሁት ከቅሬያችን፣ ከሰፈር ዕድራችን ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በየግቢው ዞሩ። ተመሳሳይ የአሸንዳ ቅጥል ሌሎች ቤቶችም ላይ ተገኘ። ሁሉም ተነቀለ። አሁን የአንዳንዱ ቤት የጣሪያ ውሃ ሮቶ ውስጥ ይገባል፤ ውሃ በማይመጣበት ቀን ለልብስ ይሆናል። የቀረው ወደ ቦይ ይወርዳል። ቦዩን ወጣቶቹ ጠረጉት። የመምጠጫውን ክፍያ መስመሩን የምንጋራ ሁሉ ተካፈልን። በእኔ በኩል ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቼ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ አስገጠምኩ። ያግዛል። ግን ቫልቭ ተዘግቶ ባለበት ሰዓት የእኔም ውሃ አይወጣም፤ ከላይ ያለው ካልተስተካከለ ብቻውን መፍትሔ አይደለም።

አሁን የበልጉ ዝናብ ጀምሯል። ክረምቱ ሩቅ አይደለም። የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ግንባታ ሲፈቅዱና ሲያዩ አሸንዳው የት እንደሚወርድ ይዩልን። ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ቆመው፣ ባልዲ ውሃ ጣሪያው ላይ አስደፍተው ይዩ። ቦዮቹ ከሰኔ በፊት ይጠረጉ፤ በሐምሌ መጥረግ ጭቃ መገልበጥ ነው። ለዳገት ሰፈር የሚሆን ረጅም ቱቦ ያለው አነስ ያለ መምጠጫ መኪና ይታሰብ። ከቤታችን የተነሳው ፍሳሽ የት እንደሚደፋም ለነዋሪው ይነገረው። እኔ ከጓዳዬ ያወጣሁት ቆሻሻ የሌላ እናት ማሳ ላይ እንዲፈስ አልፈልግም።

የእኛ ቅሬ በግንቦት ይሰበሰባል። ሌሎች ሰፈሮችም በዚያው ሰሞን የሚሰበሰቡ ብዙ ናቸው። ጉዳዩን በየስብሰባው እንዲያነሱትና አሸንዳቸውን ዞረው እንዲያዩ፣ ደብዳቤዬን ከዚያ በፊት ብታወጡልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛዋ የጽዳት ሠራተኛ
ከደሴ