ለመዝጊያው በዓል የምትቀርጹት ቪዲዮ ሁሉም ቤት እንዲከፍት

ቀን፦ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ
ጉዳዩ፦ በወላጆች ቀን የሚቀረጹ ቪዲዮዎችን ስለመላክና ስለመጋራት

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፦

እንደምን ሰነበታችሁ? የዓመቱ መዝጊያ በዓላችን ቅዳሜ ሰኔ 21 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ክረምቱ ስለገባ ዘንድሮ ግቢ ውስጥ ድንኳን አንጥልም፤ ፕሮግራሙ አዳራሽ ውስጥ ነው። ካርድ የሚሰጠውም በዚያው ቀን ነው። ስለ አለባበስና ስለ ጋዋን በየልጆቹ ደብተር የላክነው ማስታወሻ ይበቃል። የዛሬው ደብዳቤ ስለ ቪዲዮ ብቻ ነው።

ልጅ መድረክ ላይ ሲወጣ ወላጅ ሁሉ ስልኩን ያወጣል። ደግሞም ደስ ይላል። እናንተ ከየወንበራችሁ የምትቀርጹት ካሜራማን ቀጥረን ከምናስቀርጸው ይሻላል፤ ካሜራማኑ ከሠላሳ ሕፃናት መሀል የእናንተን ልጅ ለይቶ አያውቅማ። ስለዚህ ቪዲዮዎቻችሁን እንሰበስባለን። የአይሲቲ መምህራችን ይቆራርጣል፣ ይገጣጥማል፣ ከዚያ ለሁላችሁም መልሰን እንሰጣለን። ሥራው እንዳይበላሽ ግን ስልካችሁ በምን ፎርማት እንደሚቀርጽ ከበዓሉ በፊት ብንነጋገር ጥሩ ነው።

ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። የምንፈልገው ኤምፒ4 ፋይል ነው። ውስጡ ያለው ምስል በኤች.264፣ ድምፁ በኤኤሲ የተጨመቀ ይሁን። ጥራቱ 1080 ከሆነ ይበቃል፤ 4ኬ አያስፈልግም። ስሞቹ ግራ ካጋቧችሁ አይዟችሁ፣ ስልካችሁ ላይ የሚነካው ነገር አንድ ወይም ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ወደ ታች ጽፌዋለሁ።

ብዙ ሰው ፋይሉ ኤምፒ4 ከሆነ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። አላለቀም። ኤምፒ4 ምሳ ዕቃው ነው። የልጆቻችሁ ምሳ ዕቃ ከውጭ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው፤ ሲከፈት ግን አንዱ ውስጥ ሽሮ ፍርፍር፣ ሌላው ውስጥ ፓስታ ይገኛል። ቪዲዮውን ጨምቆ የሚያሳንሰው፣ ሲታይ ደግሞ መልሶ የሚፈታው ስልት ኮዴክ ይባላል። ኤምፒ4 ውስጥ ኤች.264 ሊኖር ይችላል፣ ኤች.265 ሊኖር ይችላል፣ ኤቪ1ም ሊኖር ይችላል። የተቀባዩ ስልክ ኮዴኩን ካላወቀው የፋይሉ ስም ምንም ቢሆን አይከፍተውም። ከ8ኛ ክፍል ልጆቻችን አንዱ ኤምኦቪ የሚል ፋይል አልከፍት ሲለው ኤምኦቪን አጥፍቶ ኤምፒ4 ብሎ ጻፈበት። ብልሃቱን ወድጄለታለሁ። የተቀየረው ግን ስሙ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ በገና ፕሮግራም ማግስት በገጠመን ነገር ነው። አንዲት አያት ቢሮ መጡ። ከቦርሳቸው መስታወቱ የተሰነጠቀ ትንሽ ስልክ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ዳይሬክተር፣ የልጅ ልጄ ድምፅ ይሰማኛል፤ እሷ ግን የለችም» አሉኝ። እኔም ከፈትኩት። የልጆቹ መዝሙር ይሰማል፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ምስሉ ግን ድርግም ያለ ጥቁር ነው። ቪዲዮውን የላከላቸው አንድ አባት ነው፤ አዲስ ስልክ አለው፣ በኤች.265 ነው የቀረጸው። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብሎም እንደ ፋይል ላከው። ጥፋት የሠራ ሰው የለም። የእሳቸው ስልክ ድምፁን ፈታው፣ ምስሉን መፍታት አልቻለም። መምህራችን ወደ ኤች.264 ቀይሮ መልሶ ላከላቸው፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው አዩት። በዚያው ሳምንት ተመሳሳይ ስሞታ ይዘው የመጡ ሌሎች ወላጆችም ነበሩ።

ስለ ኮዴኮቹ ትንሽ ልበል። ኤች.264 የወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የስልክ፣ የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር አምራቾች ይህን ኮዴክ የሚፈታ ክፍል ቺፑ ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል። ለዚህ ነው ርካሹ ስልክም፣ ሳሎን የተቀመጠው የድሮ ፍላት ስክሪንም ሳይንገዳገድ የሚያሳየው። ኤች.265 በ2013 እ.ኤ.አ. መጣ፤ ሌላ ስሙ ኤችኢቪሲ ነው። ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ምስል በግማሽ ገደማ መጠን ይይዘዋል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስልኩ «ሜሞሪ ሞልቷል» እያለ የሚያስቸግረው ሰው ያውቀዋል። ጣጣው ፓተንቱ ላይ ነው። የመብቱ ባለቤቶች ብዙ ናቸው፣ ክፍያ የሚሰበስቡትም ከአንድ በላይ ናቸው፤ ስለዚህ በየዕቃው ላይ አብሮ አይመጣም። ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ «ተጨማሪውን ከመደብሩ ግዛ» ይላችኋል። ዋጋው 1 ዶላር ገደማ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ 1 ዶላር በኦንላይን መክፈል ምን ያህል ፈተና እንደሆነ የሞከረ ያውቃል። ቪኤልሲ የሚባለውን ነፃ ማጫወቻ ብትጭኑ ግን ያለ ምንም ክፍያ ይከፍትላችኋል።

ኤቪ1 የሚባል ሌላም አለ። ጎግል፣ ሞዚላ፣ ኔትፍሊክስ፣ አማዞንና ሌሎችም ተባብረው በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፤ ክፍያ አይጠየቅበትም። በእኔ ግምት ወደፊት የሚያሸንፈው እሱ ነው። ዛሬ ግን ገና ነው። አይፎን እንኳ ኤቪ1ን የሚፈታ ቺፕ ያገኘው በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው 15 ፕሮ ነው። ቺፑ በሌለበት ስልክ ላይ ምስሉ ይጎተታል፣ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪው ያልቃል።

እኛ የምንመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ስንት ቤት ይከፍታል? ቪዲዮውን የምታየው ሪያድ ያለች እናት ናት። ገጠር ያለ አጎት ነው። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በቴሌቪዥን የሚያይም አለ። ለእነዚህ ሁሉ በጋራ የሚሆነው ኤች.264 ነው። አርጅቷል የሚል ካለ ይበል።

አሁን ወደ ስልካችሁ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ የሚለውን ክፈቱና «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጡ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት አይፎኖች ካልነካችኋቸው «ሃይ ኤፊሸንሲ» ላይ ናቸው፤ ያ ማለት ኤች.265 ነው። አይፎን 12ና ከዚያ በላይ ያላችሁ፣ እዚያው ካሜራ ውስጥ ሪኮርድ ቪዲዮ ገብታችሁ ኤችዲአር ቪዲዮ የሚለውን አጥፉት። ኤችዲአር ብርሃኑንና ጥላውን አጉልቶ የሚቀርጽ ስልት ነው፤ በራሱ በስልኩ ላይ ያምራል፤ ሌላ ስክሪን ላይ ሲሄድ ግን ቀለሙ ይገረጣል፣ የልጆቹ ፊት ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ሳምሰንግ ከሆነ የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ቪዲዮ «ሃይ ኤፊሸንሲ» የሚል ካገኛችሁ አጥፉት። ብዙዎቹ ርካሽ የአንድሮይድ ስልኮች ከጅምሩ በኤች.264 ስለሚቀርጹ ምንም አትንኩ። በዓሉ ሲያልፍ ሁሉንም ወደነበረበት መመለስ ትችላላችሁ።

ይህን ስታደርጉ ፋይሉ እንደሚገዝፍ እወቁት። አፕል በአይፎኑ ሴቲንግ ላይ ባስቀመጠው ግምት፣ በ1080ና በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸ 1 ደቂቃ ቪዲዮ በኤች.265 60 ሜጋባይት ሲሆን በኤች.264 130 ሜጋባይት ነው። በ4ኬ ከሆነ ያው ደቂቃ በኤች.264 350 ሜጋባይት ይደርሳል። 4ኬ አያስፈልግም ያልኩት ለዚህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስልካችሁን ባዶ አድርጋችሁ ኑ። የልጃችሁ ክፍል ሲወጣ ቅረጹ፤ የእኔን ንግግር መቅረጽ ግዴታ አይደለም።

አዳራሹ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። መብራቶቹ ሸምበቆ ናቸው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይናችን አያየውም፤ በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀርጽ ካሜራ ግን አንዳንዴ ያየዋል፣ ምስሉ ላይ ጥላ የመሰለ መስመር ይንሸራተታል። ስልካችሁ 25 ፍሬም የሚል ምርጫ ካለው እሱን አድርጉ። አይፎን ላይ ሪኮርድ ቪዲዮ ውስጥ «ሾው ፓል ፎርማትስ» የሚለው ሲበራ ይመጣል። ከሌለው ግን አትጨነቁ፣ ወደ መስኮቱ በኩል ተቀመጡ።

አላላኩን በጥንቃቄ አንብቡልኝ፤ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ስትልኩ መተግበሪያው መልሶ ይጨምቀዋል። ይቀላል፣ ብዙውን ጊዜም ወደ ኤች.264 ስለሚቀይረው የትም ይከፍታል፤ ጥራቱ ግን ይወርዳል። ያንን አውርዳችሁ ከጋለሪ እንደ አዲስ ስትልኩት ደግሞ ይጨመቃል። ሁለት ሦስት እጅ ያለፈ ቪዲዮ ላይ የልጁ ፊት ካሬ ካሬ የሚሆነው ለዚህ ነው። እንደ ፋይል ስትልኩ ግን እንዳለ ይደርሳል። ስለዚህ ለእኛ ስትልኩ የወረቀት ማያያዣ የምትመስለውን ምልክት ተጭናችሁ «ፋይል» የሚለውን ምረጡ። በዋትስአፕ ከሆነ «ዶክመንት» በሚለው በኩል ላኩ። ሁለቱም እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላሉ። ለዘመድ ስትልኩ ግን፣ በተለይ ስልኩን ካላወቃችሁት፣ በተራው መንገድ ላኩ። ሴቲንጉን መቀየር ያልቻለ ሰውም አይቅርብን። በኤች.265ም ቢሆን እንደ ፋይል ይላክልን፤ መምህራችን ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይቀይረዋል። ላፕቶፑ አንድ ነው፣ መብራትም ይጠፋል፤ ሥራው ከበዛበት መዘግየቱን ታገሱን።

ምሽት ላይ ሁሉም ሰው ቤቱ ሲገባ የሰፈራችን ኔትወርክ እንደሚጨናነቅ ታውቃላችሁ። ማለዳ ላይ መላክ ይሻላል። ዳታ የሚከብደው ሰው ስልኩን ይዞ ቢሮ ይምጣ፣ በኬብል እንገለብጣለን።

እኛ መልሰን የምንሰጣችሁ ኤምፒ4፣ ኤች.264፣ በ720 ጥራት ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት (ሜጋቢት የሜጋባይት አንድ ስምንተኛ ነው) እናደርገዋለን፤ ከድምፁ ጋር 1 ደቂቃው 16 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። 40 ደቂቃ ቢወጣው 640 ሜጋባይት ነው። እሱንም በየክፍሉ ቆርጠን ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ስለምናስቀምጠው የልጃችሁን ክፍል ብቻ ማውረድ ትችላላችሁ። ሙሉውን በ1080 የሚፈልግ ፍላሽ ይዞ ይምጣ። ሁለት ነገር ግን አደራ። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ስልት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይላል። ስለዚህ በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ቢሆን ይመረጣል። ቴሌቪዥናችሁ ኤክስፋት ካላነበበ ንገሩን፣ ከፋፍለን በፋት32 እንሰጣለን። ሁለተኛው ሾርትከት ቫይረስ ነው። ከኢንተርኔት ቤት የመጣ ፍላሽ ሳይጸዳ ላፕቶፓችን ላይ አይሰካም። አትቀየሙን።

ስለ ልጆቹ አንድ ቃል። መድረኩ ላይ የእናንተ ልጅ ብቻ አይደለም ያለው። የሌላ ሰው ልጅ ጎልቶ የሚታይበትን ቪዲዮ ወላጁን ሳትጠይቁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ልጃቸው በቪዲዮ እንዳይወጣ የነገሩን ወላጆች አሉ፤ እኛም ስንቆርጥ እናከብርላቸዋለን። ሌሎቻችሁም እንደዚያ የምትፈልጉ ካላችሁ እስከ ሐሙስ ሰኔ 19 ለክፍል ኃላፊው መምህር ንገሩ።

ቪዲዮዎቻችሁን እስከ ረቡዕ ሰኔ 25 ላኩልን። ስትልኩ የልጁን ስምና ክፍል ጻፉበት። ዋናውን ቅጂ እኛ ደርሶናል እስክንላችሁ ከስልካችሁ አታጥፉት። የተዘጋጀው ከቅዳሜ ሐምሌ 5 ጀምሮ ይደርሳል፤ ለ2018 ዓ.ም. ምዝገባ ስትመጡ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ኑ። ፍላሹ ላይ በፕላስተር ስማችሁን ለጥፉበት፣ ሁሉም ጥቁር ነው፣ ይምታታብናል።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር