መጀመሪያ ውሃው፣ ስሙ ኋላ

ይድረስ ለምወድሽ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ዝምታችን ረዝሟል፤ ማን ቀድሞ ብዕሩን እንዳስቀመጠ ሳንተሳሰብ ስለ መናፈሻው አሠራርና ስያሜ ወደ ጠየቅሽኝ በቀጥታ ልግባ። ለአዲሱ ሰፈራችሁ የመናፈሻ ኮሚቴ መመረጥሽን ስሰማ ደስ አለኝ፤ የላክሽልኝን ቃለ ጉባኤ ሳነብ ግን ሰጋሁ። ስለ ስሙ ገጾች የሞላ ክርክር አለ፤ ስለ ውሃ አንድ መስመር የለም።

ምክሬ አጭር ነው። የስያሜውን ደንብ አሁኑኑ ጻፉት፤ ስሙን ራሱን መጨረሻ ላይ ምረጡት፤ በመካከል ያለውን ጊዜ ለውሃው፣ ለአፈሩና ከምረቃው በኋላ መናፈሻውን ለሚንከባከበው ሰው ስጡት።

በአዲስ ሰፈር ለመናፈሻ የሚተወው መሬት ብዙውን ጊዜ ቤት ለመሥራት ያልተመቸው ነው፤ ውሃ የሚተኛበት፣ ተዳፋቱ የበዛ ወይም ከሥሩ ቱቦና ኬብል የተቀበረበት። ስለዚህ ንድፍ አውጪ ሳትቀጥሩ፣ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት ቦታውን ዙሩት። ውሃው በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚተኛና በየት እንደሚወጣ በካርታው ላይ በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ መጠኑን አስሉ፤ ሂሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ከመናፈሻው በላይ ያለው ጣሪያና አስፋልት 1,000 ካሬ ሜትር ቢሆንና 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ እስከ 20,000 ሊትር ውሃ ቁልቁል ወደ እናንተ ይመጣል ማለት ነው። ገና ያልተሠሩት ቤቶች ሲሠሩ ቁጥሩ ያድጋል። ዛሬ ደረቅ የሆነው ጥግ ሰፈሩ ሲሞላ ኩሬ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስሌታችሁ የዛሬውን ሳይሆን የሞላውን ሰፈር ይያዝ።

የአፈሩን የመምጠጥ አቅም ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በተለያዩ ቦታዎች ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ቆፍሩ፤ ውሃ ሞልታችሁ እስኪመጠጥ ጠብቁ፤ እንደገና ሞልታችሁ ውሃው በሰዓት ምን ያህል እንደሚወርድ ለኩ። የመጀመሪያውን ሙሌት አትቁጠሩት፤ ደረቅ አፈር ቶሎ ስለሚጠጣ ያታልላል። በሰዓት 2.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ ጥሩ ነው። 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ ካልወረደ እዚያ ላይ የልጆች መጫወቻ አታስቡ፤ ዝቅ አድርጋችሁ እርጥበት በሚችሉ ተክሎች የተሞላ የዝናብ ውሃ ማቆያ አድርጉት። ሣር የሚለብሰውን ቦታ ደግሞ ከ2 በመቶ ባላነሰ ማዘንበል ካስተካከላችሁት ውሃ አይተኛበትም።

አፈሩን የሚገድለው ግን ከውሃው ይልቅ የኮንትራክተሩ መኪና ነው። ገልባጭና ሎደር ጥቂት ጊዜ የተመላለሱበት መሬት ይጠቀጠቃል፤ አየርና ውሃ አያሳልፍም፤ የተተከለው ችግኝ በሦስተኛው ዓመት ይቀጭጭና ሰው በችግኙ ያሳብባል። ስለዚህ በውሉ ውስጥ ሁለት ነገር አስገቡ። አንደኛ፣ ማሽን ከመግባቱ በፊት ነባር ዛፎች ቢያንስ ቅርንጫፋቸው እስከሚደርስበት ድረስ በአጥር ይከለሉ፤ ከአጥሩ ውስጥ ሲሚንቶ ማራገፍም ሆነ መኪና ማቆም ክልክል ይሁን። ሁለተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ የተጠቀጠቀው መሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈርፈር፤ ከዚያ በላይ ተነስቶ የተቀመጠው የላይኛው አፈር ይመለስ። የላይኛው አፈር ተሸጦ በምትኩ ቀይ ጭቃ የሚደፋባቸው ቦታዎች አሉና ክምሩ የት እንደሚቀመጥ በካርታው ላይ ይታይ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። እያደገ ያለ ሰፈር አንድ ልዩ ችግር አለው፤ መናፈሻውን ከሚጠቀሙት ሰዎች ግማሾቹ ገና አልመጡም፣ በስብሰባውም የሉም። አሁን ያሉት ወጣት ወላጆች ከሆኑ ሁሉም የሕፃናት መጫወቻ ይላሉ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን እነዚያው ሕፃናት ጎረምሶች ናቸው፣ መናፈሻው ደግሞ የሁለት ዓመት ልጅ ሸርተቴ ይዞ ይቀራል። ከመሬቱ ሲሶ ያህሉን ሣርና ዛፍ ብቻ አድርጋችሁ ሳትወስኑበት ተዉት ብዬ አጥብቄ እመክርሻለሁ። ከመንገዶቹ ሥር ግን ባዶ የኬብል ቱቦና የውሃ መስመር አሁን ቅበሩ፤ ኋላ ንጣፉን የመስበር ወጪ ከቱቦው ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ስብሰባው ላይ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ የዋና ገንዳ ነው። «በሥራ ቀን አመሻሽ ላይ እዚህ ብትመጡ ምን ታደርጋላችሁ፣ ከማን ጋር፣ ለስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። ስብሰባ ለመምጣት ጊዜ የሌለውን ሰው ደግሞ ካለበት ሂዱለት፤ አውቶቡስ መጠበቂያ፣ የትምህርት ቤት በር፣ የሕንፃ ሠራተኞች የሚያርፉበት ጥላ።

ስፋቱን በሚመለከት ቃለ ጉባኤው ግማሽ ሄክታር ይላል፤ እዚያው ደግሞ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ይጠይቃል። 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ ብቻውን 7,140 ካሬ ሜትር ነው፤ የእናንተ መሬት 5,000 ነው። 40 በ20 ሜትር የሆነ ትንሽ ሜዳ 800 ካሬ ሜትር ይበቃዋል፤ በረኛው ጀንበር ስትጠልቅ ዓይኑን እንዳይመታው ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን።

መንገዶቹን ሰው ከሚሄድበት ጋር አስማሙ። ሰፈሩ ውስጥ እግር ያወጣቸው ቀጫጭን መንገዶች ካሉ አጥፍታችሁ ሌላ አትቀይሱ፤ ሰው በአበባው መደብ ላይ አቋርጦ ወደ ድሮው መንገዱ ይመለሳል። ዋናው መንገድ ቢያንስ 1.8 ሜትር ስፋት ይኑረው፣ ሁለት ዊልቸር እንዲተላለፍበት። ሽቅብታው ከ5 በመቶ አይብለጥ፤ ማለት በ20 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ከፍታ። የጎን ማዘንበሉ ከ2 በመቶ ካለፈ ዊልቸሩ ወደ ዳር ይጎትታል። ዳገቱ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ መንገዱን አዟዙሩት እንጂ ደረጃ ሠርታችሁ አትገላገሉ።

ስለ መቀመጫ ዊልያም ኋይት የሚባል ሰው የኒው ዮርክን አደባባዮች እያስቀረጸ ብዙ ካጠና በኋላ የደረሰበት ነገር ያስቀኛል፤ ሰዎች የሚቀመጡት መቀመጫ ባለበት ነው። ግን እውነቱን ነው፤ ውድ ፏፏቴ ገዝተው አግዳሚ ወንበር የሚረሱ ብዙ ናቸው። ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ መደገፊያ ያለውና ለሽማግሌ ተመርኩዞ መነሻ የእጅ መደገፊያ ያለው ይሁን። ፊቱ ሰው ወደሚያልፍበትና ልጆች ወደሚጫወቱበት ይዙር፣ ጀርባው ደግሞ ባዶ አይሁን። ቁጥቋጦው ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች፣ የዛፉ የታችኛው ቅርንጫፍ ከ2 ሜትር በላይ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ለደህንነት ከካሜራ ይልቅ በዚህ አምናለሁ። መብራት በዋናው መንገድ ላይ ብቻ፣ ሳይቆራረጥና ዓይን ሳይወጋ። መጸዳጃ ቤት የሚያጸዳው ሰው ደመወዝ ካልተመደበለት አትሥሩ።

መጫወቻው ላይ አትቆጥቡ፣ ደግሞም አትቸኩሉ። ሣርም ሆነ ባዶ አፈር ከከፍታ ለሚወድቅ ልጅ መከላከያ አይደለም። ከመጫወቻው ሥር የእንጨት ፍቅፋቂ ከተጠቀማችሁ 30 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ሙሉት፤ ተረግጦ ወደ 23 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ይህም እስከ 2.1 ሜትር ለሚደርስ የመውደቂያ ከፍታ ይበቃል። ሥሩ ላይ ውሃ ማስወጫ ከሌለው ግን ይበሰብሳል። ዥዋዥዌ ከሌሎቹ ተለይቶ ዳር ላይ ይተከል፤ ከፊትና ከኋላው ከማንጠልጠያው ቁመት እጥፍ የሚሆን ባዶ ቦታ ይኑር። በአጥርና በመወጣጫ ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት ከ9 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ወይም ከ23 የበለጠ ይሁን፤ በመካከሉ ያለው የልጅ አካል አሾልኮ ጭንቅላት የሚይዝ ነው። ብረት ሸርተቴ በፀሐይ ያቃጥላል፣ ፕላስቲኩም አይምሬ ነው፤ መጫወቻውን ከመግዛታችሁ በፊት ጥላውን አስቡት። ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ከትልልቆቹ ለዩ።

አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ አትትከሉ። ፍራንክ ሳንታሞር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው መለኪያ እስካሁን ይሠራል፦ ከአንድ ዝርያ ከ10 በመቶ፣ ከአንድ ወገን (ከተቀራረቡ ዝርያዎች) ከ20 በመቶ፣ ከአንድ ቤተሰብ (ከተቀራረቡ ወገኖች) ከ30 በመቶ አይብለጥ። ምክንያቱም አንድ በሽታ ወይም ነፍሳት ሲገባ ሙሉ ረድፍ ጠርጎ ስለሚሄድ ነው። ጉድጓዱ ችግኙ ይዞት ከሚመጣው የሥርና የአፈር ጥቅልል ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይስፋ፣ ከጥቅልሉ ግን አይጥለቅ። ግንዱ ወደ ሥር ሲወርድ የሚሰፋበት እግሩ ከመሬት በላይ መታየት አለበት፤ የተቀበረ ግንድ ቀስ ብሎ ይሞታል። ከዛፉ ሥር የሚነሰነሰው የቅጠል ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ጉዝጓዝ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፣ ግንዱን ግን አይንካው። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውሃ ማጠጣት ነው። የሚያጠጣው ሰው ስም በዕቅዱ ላይ ካልተጻፈ የችግኙን ብዛት ቀንሱ፤ ሃምሳ ከሚደርቅ አሥራ አምስት ይጽደቅ።

አሁን ስሙ። ደንቡ ከስሞቹ በፊት መጻፍ ያለበት፣ ስም ከተጠራ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ሁሉ አንድን ሰው ለመጥቀም ወይም ለመጣል ተደርጎ ስለሚታይ ነው። እስከዚያ መናፈሻውን በቦታ ቁጥሩ ጥሩት። ጊዜያዊ ስም ወረቀት ላይ ከገባ ይጣበቃል፤ የአልሚው ድርጅት ስም የሰፈር ስም ሆኖ የሚቀረው እንዲህ ነው።

በደንቡ ላይ ቅድሚያ ለቦታው ባሕርይ ስጡ፤ ወንዙ፣ ኮረብታው፣ እዚያው የቆመው ዛፍ፣ ነባሮቹ ነዋሪዎች ቦታውን ሲጠሩበት የኖሩት ስም። አዲስ ገቢው ሲበዛ ይህ የመጨረሻው ስም መጀመሪያ ይጠፋልና ሽማግሌዎቹን ቀድማችሁ ጠይቁ። ለዛፍ ስትሰይሙ ዛፉ በንድፉ ያልተቆረጠ መሆኑን አረጋግጡ፤ የሌለ ዛፍ ስም የያዘ መናፈሻ መሳቂያ ነው። በሰው ስም መሰየም ከፈለጋችሁ በሕይወት ያለ ሰው አይሁን። የተባበሩት መንግሥታት የጂኦግራፊያዊ ስሞች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ውሳኔ በሕይወት ባለ ሰው ስም ቦታ መሰየምን አያበረታታም፤ ከሞት በኋላም የመቆያ ጊዜ በግልጽ እንዲወሰን ይመክራል። ዓመቱን እናንተ ወስኑ፤ የቤተሰቡ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ፤ ወደፊት ነውር ቢገኝ ስሙ በምን ሥርዓት እንደሚነሳም አሁኑኑ ይጻፍ። ገንዘብ የሰጠ ሰው ስሙ በወንበር ወይም በመጠለያ ላይ፣ ለተወሰነ ዓመት ብቻ ይሁን፤ መናፈሻውን በሙሉ አትሽጡ።

ጥቆማ መቀበያውን ለአንድ ወር ያህል ክፈቱ፤ ቅጹ ስሙን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንና ማስረጃውን ይጠይቅ። ከዚያ አጣሪዎች ስሙ በከተማው ሌላ ቦታ መኖር አለመኖሩን፣ ከሌላ ስም ጋር በድምፅ መመሳሰሉን ይፈትሹ። ፈተናው ይህ ነው፤ የደነገጠ ሰው በስልክ ለአምቡላንስ ስሙን አንድ ጊዜ ቢናገር ሹፌሩ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመጣል ወይ? ካልመጣ ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር ይውደቅ።

የሕዝብ ድምፅ የሚሰጠው ተጣርተው በቀሩት ሦስት ስሞች ላይ ነው፤ ውጤቱ ምክር ይሁን ወይስ ውሳኔ አስቀድማችሁ አስታውቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የብሪታንያ የምርምር ምክር ቤት ለአዲስ የዋልታ መርከቡ ስም በኢንተርኔት ሕዝቡን ጠየቀ፤ ከ124,000 በላይ ድምፅ ይዞ የመጣው «ቦቲ ማክቦትፌስ» (እንደ «ጀልባዬ ጀልባ-ፊቷ» ያለ) ቀልድ ነበር። መርከቡ በታዋቂው የተፈጥሮ ፊልም አቅራቢ ስም «ሰር ዴቪድ አተንቦሮ» ተባለ፣ ቀልዱም ለአንዲት ሰው አልባ ትንሽ ሰርጓጅ ተሰጠ። እነሱ ውጤቱ እንደማይገዛቸው አስቀድመው አስቀምጠው ስለነበር ተሳቀና አለፈ። በአንድ ሰፈር ውስጥ ግን ሰው ድምፁ ተጣለ ብሎ ያኮርፋል፤ ኩርፊያውም መናፈሻውን የሚያጸዳውን ሰው ቁጥር ይቀንሳል።

ስሙ ሲጸድቅ በየመግቢያው ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ያለው ሰሌዳ ይቁም፤ ለካርታ ሥራ ክፍሉ፣ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ በጽሑፍ ይድረሳቸው። ሰሌዳው ከመታተሙ በፊት ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይታረም።

የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳየውን የሰርቬየር ካርታ ካገኘሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ የጉድጓዶቹን ልኬትም ጻፊበት። ያለ እሱ መጫወቻው የት ይሁን ለሚለው ጥያቄሽ መልስ መስጠት አልችልም።

ሰላም ሁኚ፤
ወዳጅሽ