ራውተሩን ከመቀየርህ በፊት

ወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚሁ ጎንደር አዘዞ ተቀምጦ ፒያሳ ላለ ወዳጅ ሁለት ዓመት ድምፅ ማጥፋት ያሳፍራል፤ ሰበብ አልደረድርልህም። የመስከረሟ መልእክትህ ግን አልጠፋችብኝም። «ዋይፋዩ ማታ ማታ ይሞታል፤ ራውተሩን ልቀይር ወይስ ኮምፒውተሩን?» ብለህ ነበር። ልጅቱም ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስለሆነ ምን ዓይነት ላፕቶፕ ይሻላታል ብለሃል። ዘግይቼም ቢሆን ይኸው።

ብሩን ለጊዜው ኪስህ አቆየውና በሽታው የት እንደሆነ እንይ። ከኮምፒውተርህ እስከ ውጭው ዓለም ያለው መንገድ ሦስት ቁራጭ ነው፦ እስከ ራውተሩ በአየር፣ ከራውተሩ እስከ ኢንተርኔት አቅራቢው በመስመር፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሌሎች ሰዎች ዕቃ። ሰው የሦስቱንም ጥፋት ጠቅልሎ «ዋይፋይ» ይላል፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ ማታ እምቢ ሲልህ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈትና 192.168.1.1ን ፒንግ አድርግ፤ «ping 192.168.1.1» ብለህ ስትጽፍ ኮምፒውተሩ «አለህ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ያሳይሃል። የራውተሩ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ካልሆነ ከሆዱ ሥር ተለጥፎ ታገኘዋለህ። መልሱ በሚሊሰከንድ ይቆጠራል። ሳይቆራረጥ ከ1 እስከ 5 የሚል ከሆነ አየሩ ጤነኛ ነው። አንዴ 3፣ አንዴ 400፣ አንዴ ጭራሽ ዝም ካለ ጥፋቱ ከግድግዳህ ወዲህ ነው። ቀጥለህ 8.8.8.8ን፣ ከቤትህ ውጭ ያለውን የጉግል አድራሻ፣ ፒንግ አድርግ። ራውተሩ ደህና እየመለሰ ይሄኛው ከጠፋ ወይም ከተጎተተ፣ ችግሩ ከቤትህ ውጭ ነው፤ አሥር ራውተር ብትደረድር ለውጥ የለውም፣ ለአቅራቢው ደውል። ሁለቱም እየመለሱ ድረ ገጽ በስሙ አልከፍት ካለ ደግሞ ስም ወደ ቁጥር የሚፈታው ዲኤንኤስ ነው የታመመው፤ ኮምፒውተሩ ላይ በዲኤንኤሱ ቦታ 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 ብለህ ሙላው። የኮምፒውተሩ አድራሻ በ169.254 ከጀመረ፣ ከራውተሩ አድራሻ አልተሰጠውም ማለት ነው። ያኔ ራውተሩን አጥፍተህ ግማሽ ደቂቃ ቆይተህ አብራው።

ይህንኑ ፍተሻ ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክተህ ድገመው። በኬብል ሰላም ሆኖ በአየር የሚያስቸግር ከሆነ ጥርጣሬህ አለቀ።

እኔን ከጠየቅኸኝ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቡፌው ነው። ራውተሩ አሁንም ከብርጭቆዎቹ ጋር፣ ዳንቴል ለብሶ፣ መስታወቱን ተደግፎ ነው? የመስታወት ጀርባ በብረት የተቀባ ስለሆነ ሞገዱን መልሶ ይወረውረዋል። ዳንቴሉም ሙቀቱን ያፍነዋል። የፋይበሯን ክር ደግሞ እንደ ቀለበት አጥብቀህ ጠምዝዘሃት ከሆነ ፍታት፤ ስትታጠፍ ብርሃኑ ያመልጣል። ኤል ኦ ኤስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃን አልደረሰም ማለት ነው፤ ያኔ ሌላውን ሁሉ መነካካት ድካም ብቻ ነው።

የፊተኛው ቤት ግድግዳ ክንድ ሙሉ ድንጋይ ነው። ራውተሩ በሁለት ዓይነት ሞገድ ይሠራል፤ አምስት ጊጋ (ጊጋኸርዝ) የሚባለው ፈጣን ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ግንብ ላይ ሲደርስ ይደክማል፤ ሁለት ነጥብ አራቱ ዘገም ቢልም ግድግዳ በመሻገር ይሻላል። ስለዚህ ሳሎን ያለው በአምስቱ፣ ጓዳ ያለው በሁለት ነጥብ አራቱ ይገናኝ። የጭቃ ግድግዳ ካለህ ደግሞ ክረምት ላይ ሲርስ ውኃው ሞገዱን ይጠጣል። ነሐሴ ላይ ብሶበት ጥቅምት ላይ ከተሻለው ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ራውተሩን ከቡፌው አውጣና ወደ ጓዳ በሚያስገባው በር አጠገብ፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርገህ ግድግዳው ላይ ስቀለው። አንቴናዎቹን ቀጥ አድርገህ አቁማቸው። ብዙ ሰው ጫፋቸውን እንደ ጠመንጃ ወደ ክፍሉ ያነጣጥራል፤ ሞገዱ ግን የሚወጣው ከጎናቸው ነው፣ ከጫፋቸው የሚወጣው እዚህ ግባ አይባልም።

«ማታ ማታ» ያልኸው ሌላም ነገር ይጠቁማል። ሰፈሩ ሁሉ ከሥራ ሲገባ የየቤቱ ራውተር በአንድ አየር ላይ ይንጫጫል። በሁለት ነጥብ አራቱ ቻናሎቹ፣ ማለትም ራውተሮቹ የሚነጋገሩባቸው የአየር መስመሮች፣ ተደራርበው ስለተቀመጡ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። 3 ባዶ መስሎህ ብትገባበት የ1ንም የ6ንም ጩኸት ትሰማለህ። ስልክህ ላይ የዋይፋይ መመርመሪያ መተግበሪያ ጫንና ከሦስቱ ጎረቤት ያልበዛበትን ምረጥ። የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ላይ ተወው፤ 40 ፈጣን ይመስላል፣ በተጨናነቀ ሰፈር ግን ራስህን ለረብሻ ማጋለጥ ነው። ጥምቀት ሲደርስ እንግዳው ሁሉ ፓስወርድ መጠየቁ አይቀርምና ለእንግዳ የሚሆነውን ኔትወርክ ለብቻ ክፈትለት። ዋናው ፓስወርድ አንዴ ከወጣ በሳምንቱ ሰፈሩ ያውቀዋል።

ግቢ ውስጥ ላለው የቆርቆሮ ሰርቪስ ግን በአየር አትድከም። ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ ሳጥን ስለሆነ ሞገዱን ያግደዋል። ሪፒተር የሚሸጡልህ ይኖራሉ፤ ርካሹ ባንድ ጆሮ ሰምቶ በዚያው አፍ ስለሚደግመው ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ኬብል ሳብ። ርቀቱ 25 ሜትር ቢሆን ነው፣ ኬብሉ እስከ 100 ይችላል። ካት 5ኢ የሚባለው የኬብል ዓይነት በቂ ነው፤ ግን መዳብ መሆኑን ሱቁ ውስጥ አረጋግጥ። አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገው፤ ከላይ መዳብ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው፣ ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ይሰበራል። ጫፉን ስታስር ከግራ ወደ ቀኝ፣ የፕላስቲኩ ምላስ ወደ ታች ሆኖ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። በሌላውም ጫፍ ያው። አንዷ ክር ካልነካች 1000 ሜጋቢት መሆን የሚገባው 100 ላይ ሊቀር ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ዓመት ይከርማል።

ቤት የተኛ አሮጌ ራውተር ካለህ በወዲያኛው ጫፍ እሱን ስካው። አድራሻውን 192.168.1.2 አድርገው፣ አድራሻ ማደሉን ማለትም ዲኤችሲፒውን አጥፋበት፣ ኬብሉንም ለኢንተርኔት ተብሎ በተለየው ቀዳዳ ሳይሆን ከሌሎቹ በአንዱ ክተት። ዲኤችሲፒውን ማጥፋት ከረሳኸው ሁለት አዛዥ አንድ ቤት ገባ ማለት ነው፤ ግማሹ ዕቃ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም። ቻናሉም ከዋናው የተለየ ይሁን። ክረምት ላይ መብረቅ ሲያጉረመርም ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ንቀለው።

መብራት ሲሄድ ራውተሩ እንዳይሞት ትንሿን የራውተር ዩፒኤስ፣ ማለትም መጠባበቂያ ባትሪ፣ ግዛ። መጀመሪያ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብብ፦ ቮልቱ ልክ እኩል መሆን አለበት፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ። 8800 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው የሚለካው በውስጡ ባትሪ በ3.7 ቮልት ስለሆነ 32 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ራውተርህ 8 ዋት ቢበላ፣ ሲቀየር የሚባክነው ተቀንሶ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ያቆይሃል፤ ጽሑፉ እውነት ከሆነ።

ወደ ልጅቱ ላፕቶፕ። ያገለገለ ግዛላት፣ ግን በ«አይ7» ስቲከር አትታለል። ዓይንህ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ላይ ይሁን፦ 3520 ሦስተኛ ትውልድ ነው፣ 8250 ስምንተኛ። ስምንተኛው አይ5 ሦስተኛውን አይ7 ጥሎት ይሄዳል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11 በደንቡ እንዲጫን ከስምንተኛ በታች አትውረድ። ራም 8 ጊጋ፤ 4 ዛሬ ያንቃል። ከሁሉ በላይ ኤስኤስዲ ይኑረው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ ተራው ኤስኤስዲ 500 ያህል ያነባል፤ መውደቅና መንገጫገጭም እንደዚያኛው አይጎዳውም። ያንተም አሮጌ ኮምፒውተር ለመነሳት አምስት ደቂቃ የሚፈጅበት ምናልባት ከዚህ ይሆናል፤ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ክተትበትና ሌላ ዓመት ያገልግልህ።

ሱቅ ስትገባ ላፕቶፑ ቀድሞ በርቶ ከጠበቀህ አስጠፋውና ራስህ አብራው። እያንዳንዱን ፊደል ተጫን፣ ቻርጀሩን ሰክተህ ገመዱን ወዝወዝ አድርግ። ባትሪውን ዊንዶውስ ራሱ በሚያወጣው ሪፖርት እየው፤ አዲስ ሳለ 50,000 ሚሊዋት ሰዓት ይዞ አሁን 20,000 ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ቀንስ በለው። የስልክህን አምስት ጊጋ ዋይፋይም ከፍተህ ላፕቶፑ ያየው እንደሆነ ሞክር።

የሁለቱን ፒንግ ቁጥሮች ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለካና ላክልኝ፤ በአየርም በኬብልም። ዳንቴሉን ስታነሳ እማማን አስፈቅድ፣ ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣ ከአዘዞ