ለእማዬ፣ ስለ ብጣሾቹ

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ገብቷል። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ ፎቶ አልነሳም ብላለች። መንዝ ውርጩ ጀመረ ሲሉ ሰማሁ፤ ማታ ማታ ባናውን ደርበሽ ተኚ።

ያ ለድሪቶ ያጠራቀምሽው፣ ከምድጃው ጎን ያለው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ብጣሽ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ቴትሮንና ናይለን ፍም ሲነካው ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጡ ደግሞ ነበልባል ሳያሳይ ውስጥ ለውስጥ ሲቃጠል ሊያድር ይችላል። ደብዳቤው ተነቦልሽ ሳያልቅ ከዚያ ይነሳ። ቆጡ ላይ ይሁን፤ አንቺ ግን እንዳትወጪ፣ እዚያ አጠገብሽ ያለው ልጅ ያውጣልሽ።

ማዳበሪያውንም ተዪው። ዩሪያ የነበረበት ከሆነ ርዝራዡ ባይታይሽም አለ፤ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ክረምት ጉሙ ቤት ሲገባ ከሥር ያለው ጨርቅ ይሻግታል፤ አንዴ ጥቁር ነጠብጣብ ከጣለበት ሳሙና አያስለቅቀውም። ወርዱ 90 ሴንቲ የሆነ ሁለት ሜትር ተኩል አቡጀዲ ልኬልሻለሁ። 45 በ60 ገደማ የሆኑ አራት ከረጢቶች ይወጡታል። አቡጀዲ አየር ያስገባል፣ አቧራ ይከለክላል።

ከረጢት ከመግባቱ በፊት ሁሉም ይታጠብ። ሳይታጠብ የተሰፋ ጥጥ በኋላ ይሰበሰብና አጠገቡ ያለውን ይጎትታል፤ ድሪቶው ይጨማደዳል። ቀዩን ለብቻው ዘፍዝፊው፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ። ሱፉን በሙቅ ውኃ አትሺው፣ ይኮማተራል። ጠዋት ውርጭ ስላለ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይሰጣ፣ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ይግባ። መድረቁን ለማወቅ ጉንጭሽ ላይ አድርጊው፤ ከቀዘቀዘሽ ገና ነው።

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምታጭቂው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ጥጥ ለብቻ፣ ሱፍ ለብቻ፣ ቴትሮን ለብቻ፣ ሹራብና የሚለጠጥ ሁሉ ለብቻ ይሁን። ምንነቱ ያልታወቀ ካለ ልጁ ደጅ ወጥቶ አንድ ክር ይምዘዝና በወረንጦ ይዞ ይለኩሰው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ለስላሳ ነው። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ቴትሮን ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ከዚያ ከረጢቶቹ አፍ ላይ ቁልፍ ስፊባቸው፦ ለጥጥ አንድ፣ ለሱፍ ሁለት፣ ለቴትሮን ሦስት፤ የሹራቡ ባዶ ይሁን። መብራት ባይኖርም፣ ዓይንሽ ቢደክምም ጣትሽ ያውቀዋል።

ከሁለት ጣት የሚያንሰውን ለትራስ መሙያ አድርጊው፣ አታስቀምጪው። ከስንዝር በላይ የሆነውን አትቁረጪው፤ ወደፊት ምን እንደሚያስፈልግሽ አይታወቅም። በመካከል ካለው ለልኩ የሚበቃውን ነው የምትቆርጪው። የካርቶኑን ልክ ጣይው እማዬ። መቀሱ በነካው ቁጥር ጠርዙ ይሸረፋል፣ ሃያኛው ቁራጭ ከመጀመሪያው ያንሳል። በአንድ ቁራጭ 2 ሚሊ ብቻ ብትስቺ በ12 ቁራጭ 24 ሚሊ ይሆናል፤ ስፌቱ ጥግ ለጥግ አልገጥም ብሎ ያስለቀሰሽ እሱ ነው እንጂ እጅሽ አይደለም። ከስስ ጣውላ ያስቆረጥኩት ልክ 11.2 ሴንቲ ነው። በየጎኑ 6 ሚሊ ለስፌት ሲሄድ 10 ሴንቲ ይቀራል። ድሪቶው ወርዱ 12፣ ቁመቱ 18 ቁራጭ ሲሆን 216 ቁራጭ ነው፤ 120 በ180 ሴንቲ ይወጣል፣ ለአንድ ሰው ይበቃል። ድርና ማጉን ተከትለሽ ቁረጪ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ይለጠጥብሻል። የተቆረጠውን ሃያ ሃያ አድርገሽ በክር እሰሪ፣ ግን አታጥብቂው።

ብል የሚፈልገው ሱፉን ነው፣ ይልቁንም ላብ ያለበትን። በየሁለት ወሩ አውጥተሽ አራግፊው፣ እጥፋቱን በብሩሽ ጥረጊ፣ ፀሐይ አስመቺው። ናፍታሊን አንቺ ከምትተኚበት ክፍል እንዳይገባ።

የአባባ ካፖርት ብጣሽ ከሱፉ ጋር አይቀላቀል። ሳትጠይቂኝ ስትቀጂው ምንም አላልኩሽም። እጅጌውን እንኳ ብታስቀሪልኝ ምን ነበረበት? ብርድ ነበር፣ ልጆቹ መደረቢያ አልነበራቸውም፣ አውቃለሁ። ግን ደጁ ላይ ቁጭ ብለሽ ገበሩን ስትፈቺ እኔ አጠገብሽ ነበርኩ፤ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። የቀረውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ ለብቻው አስቀምጪልኝ።

ብጣሹን ይሄ ለእከሊት፣ ይሄ ለእከሌ እያልሽ ማካፈል እንደጀመርሽ ነግረውኛል። ምነው እማዬ? ማን ጠየቀሽ? መርፌም ጨርቁ ውስጥ እየቀረ ሁለት ጊዜ ወግቶሻል አሉ። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ የወጣ ማግኔት ልኬያለሁ፤ ከረጢት ከመግባቱ በፊት ጨርቁ ላይ ይዙር፣ መርፌውን ይለቅመዋል። ድሮ ግን መርፌ ጠፍቶብሽ አያውቅም። ዓይንሽን ሞራ ሸፍኖት ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ለጥምቀት መጥቼ ደብረ ብርሃን አብረን እንሄዳለን፣ እንቢ እንዳትይኝ።

እስከዚያ ክር የገባላቸው ሃያ መርፌዎች ጨርቅ ላይ ተሰክተው ይደርሱሻል፤ ዐሥሩ ነጭ፣ ዐሥሩ ቀይ ነው። ጥቁር ክር አላስገባሁም። ለካፖርቱ የሚሆነውን እኔው ይዤ እመጣለሁ።

ልጅሽ