ከስሙ በፊት ደመወዙን እናስቀድም፤ ለሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

መሥሪያ ቤትዎ ስለ ሴቶች እኩልነት የሚጠራቸው መድረኮች ገና ከመግቢያው የሚሰናከሉት፣ ተሰብሳቢው ስለ ኑሮው ሳይጠየቅ ስለ ፌሚኒዝም ያለውን አቋም እንዲናገር ስለሚደረግ ይመስለኛል። በአንዱ ስብሰባ ላይ አጠገቤ የነበሩ አባወራ «ይህ ቤት የሚያፈርስ ነገር ነው» ብለው ቁጭ አሉ። ከእረፍት በኋላ ውይይቱ ወደ ደመወዝ ሲዞር ግን እጃቸውን አውጥተው፣ ባለቤታቸው ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ የደረጃ እድገቷ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እንደጠበቃት፣ የጎደለውን ለመሙላት እሳቸው የማታ ሥራ እንደጨመሩና ልጃቸውን ነቅቶ የሚያገኙት በእረፍት ቀን ብቻ እንደሆነ በምሬት ተናገሩ። ስለ ፌሚኒዝም ያላቸው አስተያየት የተለወጠ አይመስለኝም። የጠየቁት ግን ሴቶቹ ሲጠይቁ የኖሩትን ነው።

የአይስላንድ ሴቶች ይህን ቀድመው ያወቁት ይመስላል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1975 ከሴቶቹ 90 በመቶ ያህሉ የደመወዝ ሥራቸውንም የቤት ሥራቸውንም ትተው ሲወጡ፣ ቀኑን «አድማ» ሳይሆን «የሴቶች የዕረፍት ቀን» ያሉት በአድማ ስም የማይወጡት ወግ አጥባቂዎቹ እንዳይቀሩ ብለው ነበር። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሥራ የገቡበት ያ ቀን ባለፈ በዓመቱ የእኩልነት ሕግ ጸደቀ።

አሠሪ አንዱን ሥራ በሴት እጅ በርካሽ ማሠራት እስከቻለ ድረስ የወንዱም የመደራደር አቅም አብሮ ይወርዳል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 100 እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ የሚለው ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠሩ ብቻ አይደለም፤ የሕፃናት ተንከባካቢዋና የመጋዘን ጠባቂው ሥራ በሚጠይቀው ችሎታ፣ ድካምና ኃላፊነት ሊመዘን ይገባል ማለቱ ነው። እምብዛም የማይነሳው እ.ኤ.አ. የ1981ዱ ስምምነት ቁጥር 156 ደግሞ የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ወንዶችም ሴቶችም በአንድነት የሚመለከት በመሆኑ፣ ለእኔ ከሁለቱ ይበልጥ የሚያቀራርበን እርሱ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የሕግ ረቂቅ ውስጥ የአባትነት ፈቃድ ከነክፍያው እንዲካተት፣ የወሊድ ፈቃድ ክፍያም በማኅበራዊ መድን እንዲሸፈንና አሠሪው ወጣት ሴት ሲቀጥር ወጪዋን አስቀድሞ እንዳያሰላ እንዲደረግ እጠይቃለሁ። ረቂቁ ከስብሰባው በፊት ከነወጪ ስሌቱ ቢደርሰን፣ እኚያ አባወራም አንብበውት ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሠራተኛ ማኅበር አባል