ፎቶ ለማሳደግ የትኛው ነፃ ሶፍትዌር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከስልክ የተገኘ የለቅሶ ወይም የሠርግ ፎቶ በኤ4 ሲታተም የሚደበዝዘው አብዛኛውን ጊዜ በማተሚያው ጥፋት ሳይሆን በፒክስል (ምስሉ በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ማነስ ነው። ኤ4 በኢንች 300 ነጥብ ጥርት ብሎ እንዲወጣ 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል። 600 በ800 የሆነ ፎቶ በዚሁ ልክ የሚበቃው 5 በ6.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ህትመት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዋናውን ፎቶ ፈልጉ። በቴሌግራም ሲላክም በፋይል መልክ ይሁን፤ በፎቶ መልክ ከተላከ ይጨመቃል።

ፎቶ ለማሳነስ ኢርፋንቪው (IrfanView) የተባለው ፕሮግራም ይበቃል፤ የኮንትሮልንና የ«R»ን ቁልፍ አብሮ ተጭኖ ስፋቱን መጻፍ ነው። ነፃ የሆነው ግን ለግል ሥራ ነው፤ ፎቶ ቤቶች ፈቃድ መግዛት አለባቸው። ጊምፕ (GIMP) የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ለንግድም ነፃ ነው፤ እስከ እጥፍ ለማሳደግ መጠን መቀየሪያው ላይ ኖሃሎ (NoHalo) የሚለውን ምርጫ ሞክሩ።

ከእጥፍ በላይ ለማሳደግ አፕስኬል (Upscayl) የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ። ያለ ኢንተርኔት 4 እጥፍ ያሳድጋል፤ ቩልካን (Vulkan) የተባለውን የግራፊክስ ሥርዓት የሚደግፍ ግራፊክስ ካርድ ግን ይጠይቃል። መጠንቀቅ ያለብን እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ የጎደለውን በግምት ይሞላል። የአያትን ፊት መጨማደድ አጥፍቶ ሌላ ሰው ሊያስመስላቸው ይችላል። በደቃቅ ጽሑፍ ላይ የ«ሸ»ን አናት ሰረዝ ውጦ «ሰ» ሊያደርጋት ይችላል። ጽሑፍ ያለበትን ምስል ካሳደጋችሁ ጽሑፉን እንደገና ተይቡት። ጋዜጣችሁም በዚህ መንገድ ያደገ የቆየ ፎቶ ሲያወጣ ከሥሩ ቢገልጽ እንወዳለን።