የሕግና የክርክር ክበብ፦ ዓመቱን ከአንዲት ካናዳዊት ዳኛ ጋር

ክበባችን በየዓመቱ ብዙ ርዕስ ይነካካና አንዱንም ሳይጨርስ ሰኔ ይደርስበታል። ዘንድሮ ግን አንድ ሰው ይዘን እንክረም ተባባልን። የተመረጡት በካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 17 ዓመት ያገለገሉት ዳኛ ሮዛሊ አቤላ ናቸው። “ካናዳ ድረስ ምን ወሰዳችሁ?” ያሉን መምህራን ነበሩ። የሴትዮዋ ፍርዶች ስለሚነበቡ ነው። ከምን ተነስተው ምን ላይ እንደደረሱ ደረጃ በደረጃ ያሳያሉ፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ መዝገበ ቃላት ይዞ ሊከተላቸው ይችላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ሴሚስተር በሕይወት ታሪካቸው አለቀ። አቤላ በ1946 ጀርመን ውስጥ፣ ሽቱትጋርት በነበረ የተፈናቃዮች ካምፕ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከናዚ ማጎሪያዎች የተረፉ የፖላንድ አይሁዶች ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው ገና ሁለት ዓመት ተኩሉ ሳለ ትሬብሊንካ በተባለው የናዚ መግደያ ካምፕ ተገድሎባቸዋል። በ1950 ቤተሰቡ ካናዳ ገባ። አባትየው የሕግ ሰው ነበሩ፤ ካምፕ ውስጥም ለተፈናቃዮች የሕግ አገልግሎት ይመሩ ነበር። ካናዳ ላይ ግን ዜጋ ስላልሆኑ ጥብቅና መቆም ተከለከሉ። ኢንሹራንስ እየሸጡ ቤታቸውን አስተዳደሩ። ልጅቷ በ4 ዓመቷ ጠበቃ እሆናለሁ ያለችው ይህን ሰምታ ነው። አባት ግን ምርቃቷን አላዩም፤ በ1970 የሕግ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ወር ሲቀራት አረፉ።

በ1976፣ በ29 ዓመታቸው፣ ያውም ነፍሰ ጡር ሆነው፣ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ቤተሰብ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። የእኛን ሴት ተማሪዎች በጣም ያስደነቀው ይሄ ነው። በ1984 በሥራ ቦታ እኩልነት ላይ ለመንግሥት ትልቅ ጥናት አቀረቡ። የጥናቱ ፍሬ ነገር፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ ማስተናገድ አንዳንዴ ራሱ አድልዎ ነው የሚል ነው። ከ5 ዓመት በኋላ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት “ጠበቃ ለመሆን ዜጋ መሆን ግድ ነው” የሚለውን የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ሕግ ሲሽር ከዚሁ ጥናት ጠቅሷል። አቤላ ያኔ ችሎቱ ላይ አልነበሩም። የገቡት በ2004 ነው፤ በ2021 ዕድሜያቸው 75 ሲሞላ በሕጉ መሠረት ጡረታ ወጡ።

ሁለተኛው ሴሚስተር የምስለ ችሎት ነበር። ጥቁር ጋዋን ከአንዲት ተማሪያችን ታላቅ እህት ተዋስን። ልጆቹ እንደ ፊልሙ የእንጨት መዶሻ ካልተሠራልን አሉ። የካናዳ ዳኞች መዶሻ እንደማይጠቀሙ ሲሰሙ ትንሽ ቅር አላቸው። በመዶሻው ፋንታ ሥነ ሥርዓት አስከባሪው “በሕግ አምላክ!” እያለ ይጮህ ጀመር። ከመዶሻው የተሻለ ሠራ።

ያከራከርነው የ2012ቱን መዝገብ ነው። በኖርዝ ቫንኩቨር አንድ ልጅ ዲስሌክሲያ ነበረበት፤ ማንበብ ያስቸግረዋል። የወረዳው ትምህርት አስተዳደር በጀት አጥሮኛል ብሎ የልዩ ድጋፍ ማዕከሉን ዘጋ። አባት ልጃቸውን የግል ትምህርት ቤት አስገብተው ከኪሳቸው ከፈሉ፤ ከዚያ ከሰሱ።

ክርክሩ የጦፈው አስተዳደሩን የወከለችው ልጅ ስትነሳ ነው። ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሳለች፤ አንዱ ልዩ ድጋፍ ለሚሹት፣ ሌላው ለቀሩት ተማሪዎች። ወደ መጀመሪያው እያመለከተች፣ “እዚህ ያሉት ድጋፍ የሚሹ ልጆች ሁሉ ማዕከሉን እኩል አጥተዋል። ታዲያ እሱ ከማን ተለይቶ ተበደለ?” አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። የአባትየው ጠበቃ ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ ተቀመጠ። ሦስቱ ዳኞቻችን ሁለት ለአንድ ለአስተዳደሩ ፈረዱ። ሦስተኛው ልጅ ግን የልዩነት ሐሳቡን ካልጻፍኩ አለ፤ ጻፈም።

እውነተኛውን ፍርድ ያወጣነው ከዚያ በኋላ ነው። አቤላ የጻፉት፣ ዘጠኙም ዳኞች የተስማሙበት ፍርድ ነው። ያንን የሁለት ክብ ክርክር አልተቀበሉትም። የልጁ መብት ልዩ ድጋፍ ማግኘት ብቻ ሳይሆን እንደማንኛውም ተማሪ መማር ነው፤ ድጋፉ ወደዚያ መግቢያው መንገድ ነው ይላል። የበጀት ችግሩንም አልካዱም። ግን አስተዳደሩ ማዕከሉን ሲዘጋ ለእነዚህ ልጆች ሌላ ምን አማራጭ እንዳለ አለመመርመሩን አነሱ። ለአባትየው የከፈሉት የትምህርት ክፍያ እንዲመለስላቸው ተወሰነ። ሰሌዳው ላይ ክቦቹን የሳለችው ልጅ ፍርዱን ሁለቴ አንብባ “ጥያቄዬን ነው የለወጡብኝ” አለች። ከዓመቱ ሥራችን እኔ የምኮራበት ይህንን ነው።

ኤርትራ ውስጥ ያለው የቢሻ ማዕድን ማውጫ የ2020 ጉዳይም ብዙ አነጋግሯል። ኤርትራውያን ስደተኞች በብሔራዊ አገልግሎት ስም በግዳጅ ሠርተናል ብለው ኔቭሰን የተባለውን የካናዳ ኩባንያ ከሰሱ። ኩባንያው ክሱን አስተባብሏል። አቤላ በጻፉት የ5 ለ4 ውሳኔ ጉዳዩ በካናዳ ፍርድ ቤት መታየት ይችላል ተባለ። ልጆቹ “በቃ ረቱ!” ብለው ጨፈሩ። ክሱ ሊታይ ይችላል ማለትና ጥፋተኛ ነው ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ጉዳዩ ሙሉ ክርክር ሳይደረግበት በስምምነት ነው የተዘጋው።

የጎደለንን በአጭሩ፦ የፍርዶቹ ቅጂ አነሰን፣ የሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ልጆችን እንግሊዝኛው ከበዳቸው። ሚኒ ሚዲያ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ማጠቃለያ ስላነበበልን እናመሰግናለን። ለመጪው ዓመት ተማሪዎቹ በራሳቸው ድምፅ የመረጡት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት የነበሩትን ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ነው። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፤ ጥቁር ጋዋን ቤቱ ያለው ይዞ ይምጣ።